ከምርቃት በኋላ ያሉት ዓመታት
(በመስጂዳችን ለተመራቂ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው ከተደረገ ንግግር)



ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነብያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓባዎቻቸው ላይ ይውረድ።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ ወንድሞችና እኅቶች፤ የመስጂዱ ኮሚቴ ለተመራቂ ልጆቻችን ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቀኝ «ስለ ዕውቀት ጥቅም ቢሆን መልካም ነው» የሚል ሐሳብ አቅርቦልኝ ነበር። ስለ ዕውቀት ጥቅም በዚህ ሚንበር ላይ ብዙ ተብሏል። ልጆቹም ዐሥራ አምስትና ዐሥራ ስድስት ዓመት ተምረው ሲያበቁ ተማሩ ማለት ለጠገበ ሰው ስለ እንጀራ እንደ ማውራት ነው። እኔ መናገር የፈለግሁት ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ነው። ጋዋኑ ተመልሶ፣ ፎቶግራፉ ሳሎን ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ ስለሚመጡት አምስት፣ ስምንት፣ ዐሥር ዓመታት።

እኔ ራሴ ኮሌጅ የገባሁ ሰው አይደለሁም። መድረሳ ቀርቻለሁ፤ በዘመናዊውም ትምህርት ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ አበቃሁ። ታዲያ ኮሌጅ ያልገባ ሰው ስለ ተመራቂ ምን ያውቃል የሚል ይኖራል። ኢማም ደግሞ በበኩሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ሰፍ ያውቃል። ከተክቢራ በፊት «ሰፋችሁን አስተካክሉ» ለማለት ፊቱን ወደ ጀመዓው ሲያዞር የቆመውን ያያል፤ የጎደለውንም ያያል።

በዚህ ሁኔታ ዓመት ከዓመት ሲደጋገም ያየሁት ነገር አለ። ልጁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ለዕረፍት ሲመጣ ፈጅር ላይ አይጠፋም። ረመዳን ሲሆን ተራዊሕ ላይ ከፊት ነው። ተመርቆ ሲመጣ ያን ሰሞን አዲስ ጀለቢያ ለብሶ አባቱ አጠገብ ይቆማል፤ አባትየውም ግራና ቀኝ ያያሉ፤ ማሻአላህ ነው። ከዚያ ሦስት ወር ያልፋል፤ ስድስት ወር ያልፋል። ልጁ መጀመሪያ ከፊተኛው ሰፍ ወደ ኋላ ይሄዳል። ቀጥሎ ኢማሙ ሲያሰላምት ዚክር ሳይል ብድግ ይላል። በመጨረሻ ጭራሹን አይታይም።

«የዛሬ ልጆች ኢማናቸው ቀንሷል» የምንል ብዙ ነን። እኔ ግን ጓደኞቻቸውን ስጠይቅ የማገኘው መልስ ሌላ ነው። ቤቱ ይሰግዳል ይሉኛል። ወይም ሁለት መስጂድ አልፎ ማንም ከማያውቀው ዘንድ ሄዶ ይሰግዳል። የሸሸው ሶላቱን አይደለም፤ ጫማ መደርደሪያው አጠገብ ቆሞ የሚጠብቀውን ጥያቄ ነው። «እሺ፣ ሥራስ አገኘህ?» የሚለውን። ጠያቂው ክፉ አስቦ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከልቡ አዝኖ ነው። ነገር ግን አንድ ሰው በቀን አምስት ጊዜ፣ ከአምስት የተለያዩ ሽማግሌዎች ይህን ሲጠየቅ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ይህ ጥያቄ ለምን እንደዚህ ከበደ? ጥቂት ወደ ኋላ ሄደን እንየው። በንጉሡ ዘመን ሙስሊሙ በመንግሥት ሥራ የነበረው ድርሻ እጅግ ጠባብ እንደነበር፣ በመሬት ይዞታም ብዙ በደል እንደደረሰበት አባቶቻችን ያውቁታል። የቀረለት ንግድና እጅ ሥራ ነበር፤ ሸማ ሠራ፣ ቆዳና ጨው ነገደ፣ በቅሎ ጭኖ ከገበያ ገበያ ዞረ። ነጋዴ የሚለው ቃል በብዙ አገር ለሙስሊም መጠሪያ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። አስኳላውንም ቢሆን ልጄን ከዲኑ ያወጣብኛል እያለ የፈራ ብዙ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታላቁ የሙስሊሞች ሰላማዊ ሰልፍ ሲወጣ ጥያቄው የእኩልነት ጥያቄ ነበር፤ በዓላችን በዓል ተብሎ ይከበር፣ እኛም በአገራችን ጉዳይ ድርሻ ይኑረን የሚል። ከዚያ ወዲህ ነው ብዙው አባት አስኳላን በሙሉ ልቡ የተቀበለው። እርሱ በሱቅና በገበያ ሲንከራተት ኖሮ ልጁን ወንበር ላይ ለማየት ሲል ያለውን አወጣ። አንዱ በሬ ሸጠ፤ ሌላው የሱቁን ዕቃ እያጎደለ የቤት ኪራይና የመጻሕፍት ላከ። እንግዲህ ልጁ ዲግሪውን ይዞ ቤት ሲቀመጥ ሥራ ማጣት ብቻ አይመስለውም፤ የአባቱን ዕድሜ የበላ ይመስለዋል። ጥያቄው የሚከብደው ለዚህ ነው።

በእኛ ጊዜ ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። አብሮ አደጎቼ ከመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ሲወጡ ሥራ የሚፈልግ አልነበረም፤ ሥራው ነበር የሚፈልጋቸው። ዕጣ ያወጣሉ፤ ለአንዱ ለጋምቦ፣ ለአንዱ ወረባቦ፣ ለአንዱ ደላንታ ይደርሰዋል። ያኔ የሚለቀሰው ሥራ ስለታጣ ሳይሆን ዕጣው ሩቅ ስለጣለ ነበር። ከመኪና መንገድ የግማሽ ቀን እግር ጉዞ፤ መብራት የለ፣ ውኃው ከወንዝ፣ መስጂድ ደግሞ ከነጭራሹ የሌለበት ቀበሌ አለ።

ከእነዚያ አንዱ ዛሬ ከእኛው ጋር ይሰግዳል። የደረሰው ደጋ ቀበሌ ሲሆን በአካባቢው የነበሩት ሙስሊሞች ሦስት ቤት ብቻ ናቸው። የመጀመሪያውን ዓመት ሲያስታውስ ትዝ የሚለው ዝምታው ነው፤ አዛን የማይሰማበት መግሪብ። «አዛኑን ለካስ የሶላት መጥሪያ ብቻ አልነበረም፤ ሰው ጋር መሆኔን የሚነግረኝ ድምፅ ነበር» ይለኛል። እናም ብቻውን በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ቆሞ አዛን ማለት ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ እያፈረ። ከሦስቱ ቤት ሁለት ልጆች መጡ። ልጆቹን አሊፍ ባ ማስቀራት ጀመረ። አርብ አርብ ጁሙዓ የሚሰገድበት ቦታ በእግር ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ክርስቲያን ባልደረባው የአርቡን ክፍለ ጊዜ ይይዝለታል፣ እርሱ ደግሞ የገናና የጥምቀት ዋዜማ ተረኝነቱን ይሸፍንለታል። እንዲህ ሆኖ ስድስት ዓመት ተቀመጠ። ከዚያ ቀበሌ ማንም ስለ እርሱ የዘገበ የለም። በሠርጉ ቀን ግን ሁለቱ ልጆች፣ ጎልማሳ ሆነው፣ ሙክት እየነዱ መጥተዋል።

ይህን የምተርከው የዱሮው ጥሩ ነበር ለማለት አይደለም። የዱሮውን ችግር የቀመሰ አይናፍቀውም። የምተርከው ከምርቃት በኋላ ያሉት ዓመታት ለማንም፣ በማንኛውም ዘመን ቢሆን፣ ለተመልካች ባዶ መስለው እንደሚታዩ ለማሳየት ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ በቁርኣናችን ውስጥ ነው፤ የነብዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ታሪክ በሱረቱል ቀሰስ። ሙሳ በዘመኑ ከነበሩት ቤቶች ሁሉ በትልቁ ቤት ነው ያደጉት፤ በፊርዓውን ቤተ መንግሥት። አካላቸው ጠንቶ ጎልማሳ ሲሆኑ አላህ ጥበብንና ዕውቀትን ሰጣቸው። በእኛ አነጋገር ተምረው ወጡ እንበል። ከዚያስ? ከአገራቸው ነፍሳቸውን ለማዳን ሸሹ። ስንቅ የለ፣ ዘመድ የለ፣ በመድየን የሚያውቃቸው ሰው የለ። ውኃው ዘንድ ሲደርሱ ሕዝቡ ተጋፍቶ ከብቱን ያጠጣል፤ ሁለት ሴቶች ደግሞ በጎቻቸውን ይዘው ወደ ዳር ቆመዋል። አባታቸው ሸምግለዋልና እረኝነቱን የሚሠሩት እነርሱ ናቸው። ሙሳ አጠጡላቸው። ከዚያም ወደ ጥላው ዞር ብለው ተቀመጡና ለጌታቸው ድኽነታቸውን ነገሩ፤ የምታወርድልኝን መልካም ነገር ሁሉ ፈላጊ ነኝ በሚል ዱዓ።

እዚህ ላይ ተመራቂዎቻችን ሁለት ነገር እንዲያዩ እፈልጋለሁ። አንደኛው፣ ሙሳ ሥራ ሳይኖራቸው ሥራ ሠርተዋል። ተርበው፣ ደክመው፣ እግራቸው ተላልጦ ሳለ በፊታቸው የተገኘውን ሥራ ሠሩ። ሁለተኛው፣ ማጣታቸውን ለሰው አልተናገሩም፤ ከአላህም አልደበቁም። እኛ ብዙ ጊዜ የምናደርገው የዚህን ግልባጭ ነው፤ ለሰው ሁሉ እናማርራለን፣ ሱጁድ ላይ ስንደርስ ግን ቸኩለን እንነሣለን።

ከሁለቱ ሴቶች አንደኛዋ በሐፍረት እየተራመደች መጣችና አባቷ እንደሚጠሯቸው ነገረቻቸው። ለምን? ላጠጡላቸው ዋጋ ሊከፍሏቸው ነው። ልብ በሉ፤ ሙሳ ዋጋ አልጠየቁም፤ ሽማግሌው ግን በነፃ የተሠራላቸውን ሥራ በነፃ አላለፉትም። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እመለሳለሁ፤ ለኮሚቴያችን የምለው አለኝና። ከዚያም ልጅቱ አባቷን ይህን ሰው ቅጠረው አለች፤ ምክንያቷም ሁለት ነበር፣ ብርቱ ነው፣ ታማኝ ነው የሚል። እኒህ ሽማግሌ ነብዩ ሹዓይብ ናቸው ያሉ የተፍሲር ዑለማዎች ብዙ ናቸው፤ ቁርኣኑ ስማቸውን ስላልጠራ ሌላ ደግ ሰው ናቸው ያሉም አሉ። ለእኛ ጉዳይ ልዩነት አያመጣም።

ውሉ ተደረገ። ስምንት ዓመት ግዴታ፤ ዐሥር ቢሞሉት ግን ከራሳቸው በጎ ፈቃድ። አሠሪውም እንዳያስቸግሯቸው ቃል ገቡ። ይህ ውል በሱራው በ27ኛውና በ28ኛው አንቀጽ ላይ ነው። 29ኛው አንቀጽ ሲጀምር ሙሳ የተዋዋሉትን ጊዜ ጨርሰው ቤተሰባቸውን ይዘው ጉዞ ላይ ናቸው። ሰዒድ ኢብን ጁበይር የትኛውን ጊዜ እንደፈጸሙ ኢብን ዓባስን (ረ.ዐ.) ሲጠይቋቸው ረጅሙን ነው ብለው መልሰውላቸዋል። ዐሥሩን ማለት ነው። እንግዲህ ሙስሐፋችሁን ክፈቱና እዩት፤ በ28ኛውና በ29ኛው አንቀጽ መካከል ዐሥር ዓመት አለ! አንዲት ቃል አልተነገረበትም። ስንት በግ እንደጠበቁ፣ ስንት ሌሊት ብርድ እንደመታቸው፣ የመድየን ሰው «ይህ የቤተ መንግሥት ልጅ እረኛ ሆኖ ቀረ» ብሎ አምቷቸው እንደሆነ፣ ምንም አልተነገረንም። በሰው ዓይን ሲመዘን ከቤተ መንግሥት ወጥቶ የሰው በግ መጠበቅ መውረድ ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ግን በግ ያልጠበቀ ነብይ እንዳልተላከ ነግረውናል፤ እርሳቸውም ለመካ ሰዎች በጥቂት ቂራጥ ይጠብቁ እንደነበር ሳያፍሩ ተናግረዋል። በኋላም በወጣትነታቸው የኸዲጃን (ረ.ዐ.) ሸቀጥ ይዘው ወደ ሻም ነግደዋል። የሰው ገንዘብ ይዞ በትርፍ ተካፋይነት መሥራት፣ ማለትም ሙዷረባ የምንለው ውል፣ ይህን የመሰለ ነው።

ሌላው ምሳሌዬ ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ.) ናቸው። መካ ላይ ነጋዴ ነበሩ፤ መዲና ሲገቡ እጃቸው ባዶ ነበር። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ.) ጋር ወንድማማች አደረጓቸው። ሰዕድ ከአንሷሮች ሀብታሞች አንዱ ሲሆኑ የንብረታቸውን ግማሽ ሊሰጧቸው ቢያቀርቡ፣ ዐብዱረሕማን በረካውን መርቀው ገበያው የት እንደሆነ እንዲያሳዩአቸው ብቻ ጠየቁ። የቀይኑቃዕን ገበያ አሳዩአቸው። የመጀመሪያው ንግዳቸው ምን ነበር? የደረቀ አይብና ቅቤ። ስለ ዐብዱረሕማን ኋለኛ ሀብት ብዙ ዳዕዋ ይደረጋል፤ እኔ ግን ወጣቶቹ አይቡንና ቅቤውን እንዲያስቡት እወዳለሁ። ሰዕድንም እንርሳቸው አይገባም። ዛሬ ዐብዱረሕማንን ምሰሉ ብለን ልጆቹን የምንመክር ሰዎች ከመካከላችን ሰዕድን የመሰለ ስንት አለ?

አሁን ወደ እኛው ሰፈር ልመለስ። ታሪኩን እንድናገር ፈቅዶልኛል፤ ስሙን ግን አልጠራም። በሒሳብ አያያዝ ትምህርት የተመረቀ ልጅ ነው፤ ዛሬ አርባን ይዟል። ከተመረቀ በኋላ በአንድ የግል ድርጅት ተቀጠረ። በአምስተኛው ወር ሁለት መዝገብ እንዲይዝ ተነገረው፤ አንዱ ለባለቤቱ፣ ሌላው ለግብር ሰብሳቢው። «ሁሉም ሰው ያደርገዋል» ተባለ። አንድ ሳምንት እንቅልፍ አጥቶ ሰነበተና ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ዐሥራ አራት ወር ሥራ አላገኘም። እናቱ እንኳ በመጨረሻው ላይ «ልጄ፣ አንተ የማትጽፈውን ሌላው ይጽፈው የለም ወይ?» አሉት። በጀመዓው መካከልም ሞኝ ያለው አልጠፋም። ሐራምን ተው ብለን በኹጥባ የምናስተምር፣ ሐራምን የተወውን ልጅ ከመስጂድ ደጅ ላይ ለምን ተውከው ብለን የምንጠይቅ እኛው ነን! በዚያ ወቅት ልባሽ ጨርቅ ከመርካቶ እያመጣ ከአስፋልቱ ዳር ሸጧል። የሚያውቀው ሰው ሲመጣ ፊቱን ያዞር ነበር።

ዛሬ ለአምስት፣ ለስድስት ነጋዴዎች ሒሳብ ይሠራል። ሀብታም አይደለም፤ ሐላል ከያዘ አላህ አበለጸገው የሚል ማብቂያ የለኝም። አላህ የተው ሰውን ሁሉ በዚህች ዓለም በገንዘብ እንደሚክስ ቃል የገባ አድርገን ልጆቹን ስናስተምር፣ ገንዘቡ ሳይመጣ ሲቀር ዲኑን የሚጠራጠር ሰው እናፈራለንና መጠንቀቅ ይገባናል። ስለዚያ ዐሥራ አራት ወር ስጠይቀው የነገረኝ ስለ ሶብር አይደለም። ከመስጂዱ በታች አትክልት የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። ሁልጊዜ ጠዋት ሲያልፍ በሙሉ ድምፅ ሰላምታ ይሰጡታል፤ አንድም ቀን ስለ ሥራ ጠይቀውት አያውቁም። አንዳንዴ «ና እስቲ፣ ይህን ሚዛን ተመልከትልኝ፤ ዓይኔ ደከመ» ይሉታል። ይመለከትላቸዋል፤ ሁለት ብርቱካን ኪሱ ውስጥ ይከቱለታል። «ሚዛኑን እርሳቸውም ያዩት ነበር» ይለኛል።

ስለ እኅቶቻችንም ጥቂት ልበል። በጤና ሙያ ዲፕሎማ ይዛ፣ ሥራ አጥታ፣ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የቤት ሠራተኛ ሆና የሄደች ልጅ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ መንግሥቱ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ሠራተኞች ማስወጣት ሲጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል፤ እርሷም ከእነርሱ አንዷ ነበረች። በዚያ አገር ስላሳለፈችው ጊዜ ብዙ አታወራም። አንድ ጊዜ ግን ለባለቤቴ እንዲህ አለቻት፤ «የሐረሙ አገር ሆኜ በሦስት ዓመት መስጂድ የገባሁት ሁለት ጊዜ ነው።» የምትሰግደው ልብስ በምትተኩስበት ክፍል ውስጥ ነበር። ይህችን ልጅ ወደዚያ የላካት ችግር ብቻ አይደለም። «ተምራ ቁጭ አለች» የሚለው የጎረቤት ወሬም አብሮ ገፍቷታል።

ከወለድ ነፃ ስለሆነው ጉዳይ ወጣቶቹ ደጋግመው ይጠይቁኛል፤ ባጭሩ ልመልስ። ተደራጅታችሁ ሥሩ ተብሎ ብድር በሚሰጥበት ጊዜ ብዙ ሙስሊም ወጣቶች ወለዱን ፈርተው ከዳር ቀርተዋል። በዚህ አንነቅፋቸውም፤ ሪባ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. የ2008ቱ የባንክ ሥራ አዋጅ ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎትን በር ከፈተ፤ በ2011 ብሔራዊ ባንክ መመሪያ አወጣ፤ ቀጥሎም ነባር ባንኮች በመስኮት ደረጃ አገልግሎቱን ጀመሩ፤ በ2021 ደግሞ ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ጀመረ። ስለዚህ «ሐላል በር የለም» የሚለው እንደ ዱሮው አይደለም። ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ከወለድ ነፃ የሆነውም ባንክ ማስያዣ ይጠይቃል፤ አዲስ ተመራቂ ደግሞ ከዲግሪው በቀር የሚያስይዘው የለውም። በዚህ ጊዜ የሠራው የአባቶቻችን ዕቁብ ነው። በዚሁ ሰፈር አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ጥገና ቤት፣ አንድ ልብስ ስፌትና አንድ የእንጨት ሥራ በዕቁብ መነሻ ተከፍተዋል። በዕቁቡ ሰብሳቢ ፈቃድ የመጀመሪያው ዕጣ ለወጣቱ እንዲወጣ ሽማግሌዎቹ ተስማምተው ነው። ወለድም አልተከፈለበት፣ ስብሰባም አልተጠራበት።

ሥራ ያገኛችሁትስ? ለእናንተም ድርሻ አላችሁ። ኪታብ የቀራን ሰዎች የኢማም አን-ነወዊን ሚንሃጅ እናውቀዋለን። የኪታቡ አቀማመጥ ራሱ ትምህርት ነው፤ ከጠሃራ ይጀምርና ሶላት፣ ዘካ፣ ጾም፣ ሐጅ ይላል። ወዲያው ቀጥሎ ንግድ ነው፤ መሸጥ፣ መግዛት፣ ብድር፣ ሽርክና፣ ቅጥር። ውርስ ይከተላል። ኒካሕ ከዚያ ወዲያ ነው። ደረሳ ሳለን አንዳንዱ የንግዱን ምዕራፍ ዘሎ ኒካሑ ላይ ለመድረስ ሲቸኩል ሸኻችን በሳቅ ይመልሱት ነበር። ወላጆችም በበኩላችሁ የሠርጉን ወጪ አሳንሱት፤ ልጁ የንግዱን ምዕራፍ ቢጨርስም በእናንተ ድግስ ምክንያት ኒካሑ ላይ ሳይደርስ ይሸብታል።

በቅጥር ምዕራፍ ዑለማዎች ያስቀመጡት ደንብ አለ። ጊዜውን ለአሠሪው የሸጠ ሠራተኛ የፈርድ ሶላትና የጠሃራው ጊዜ ከውሉ ውጭ ነው፤ ደመወዙም በዚህ አይቀነስም። ስለዚህ ለዙህር ስትወጡ እንደ ሌባ ተሸማቃችሁ አትውጡ፤ መብታችሁ ነው፤ በአግባቡ አስታውቃችሁ ውጡ። ይሁን እንጂ ደንቡ ሁለት ወገን ይቆርጣል። ውዱእና ሶላቱ የሩብ ሰዓት ሆኖ አንድ ሰዓት ጠፍቶ መመለስ የአሠሪን ሐቅ መብላት ነው፤ ያውም በሶላት ስም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት አርብ ቀን የምሳው ዕረፍት ከ5፡30 እስከ 7፡30 የሆነው ለጁሙዓ እንዲመች ጭምር ነው። ከጁሙዓ በኋላ መስጂዱ ደጅ ቆማችሁ እስከ 8፡30 የምትጨዋወቱትን ከዚህ ሚንበር ላይ ሆኜ አያችኋለሁ። ባለጉዳዩ ወረፋ ይዞ እየጠበቃችሁ ነው። ልጅቱ ለአባቷ ብርቱና ታማኝ ያለችው ሁለቱን አጣምራ ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም።

አሁን ለኮሚቴያችን ያልኩት። በዚህ መስጂድ ሥራ አለ። የመስጂዱ ሒሳብ በሦስት ደብተር ተበታትኖ ይገኛል፤ ከሱቆቹ ኪራይ የሚገባው በአንዱ፣ የጁሙዓ ሰደቃ በሌላው፣ የግንባታው መዋጮ በሦስተኛው። ባለፉት ሁለት ዓመታት ከተመረቁት ልጆቻችን አራቱ ሒሳብ ያጠኑ ናቸው። የውዱእ ቦታው ቧንቧ ያፈስሳል፤ ውኃው ወደ ጎረቤት ግድግዳ እየሄደ ቅሬታ ቀርቦልናል፤ በግንባታና በውኃ ሥራ የተመረቁ አሉን። የስምንተኛና የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆቻችን ማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጣቸው ይፈልጋሉ፤ የመድረሳው ክፍል ከዐስር በኋላ ባዶ ነው።

እነዚህን ልጆች ጠርተን እናሠራቸው ስል «መልካም ነው፣ ለአላህ ብለው ያገልግሉ» የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እኔ በዚህ አልስማማም። ለአላህ ብሎ ማገልገል የሚያምረው ሰውየው ራሱ ሲያስበው ነው፤ የሚያሠራው ሰው በሌላው ላይ ሲያስበው ግን ዋጋ ለማስቀረት ምክንያት ይሆናል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈል አዘዋል፤ ሠራተኛው የመስጂድ ልጅ ከሆነ ይቅር የሚል ነገር አልተከተለም። የመድየኑ ሽማግሌም ያጠጣላቸውን እንግዳ ጠርተው ነው የከፈሉት። ከውጭ ለምናመጣው ቧንቧ ሠራተኛ የምንከፍለውን፣ ለልጃችንም እንክፈለው። ጥቂት ብትሆንም የመጀመሪያዋ ደመወዝ ከመስጂድ የወጣች ትሆናለች፤ ከዚያች ላይም ለእናቱ አንድ ኪሎ ቡና ይገዛ ይሆናል። በሥራ ልምድ ማስረጃውም ላይ የኮሚቴው ማኅተም ያርፍበታል፤ ቀጣሪ ሁሉ «የሁለት ዓመት ልምድ» እያለ በሚመልሳቸው በዚህ ጊዜ ይህ ወረቀት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ወጣቶቹን ጠይቋቸው።

ኮሚቴው በዚህ ጉዳይ በመጪው ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ ይሰበሰባል። ሒሳብ፣ ግንባታ ወይም መምህርነት ያጠናችሁ ስማችሁን እስከ ሐሙስ ለመስጂዱ ጸሐፊ አስመዝግቡ፤ እኅቶችም በሴቶቹ በር በኩል ለሴቶች ዘርፍ ተጠሪ ማስመዝገብ ትችላላችሁ። አባቶች ደግሞ ዛሬ ስትወጡ ከጫማ መደርደሪያው አጠገብ ስትቆሙ ልጆቹን ሰላም በሏቸው፤ በዚያው ይብቃ።

ወቢላሂ ተውፊቅ። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።